ኑዛዜ በሮም፦ ሞትን የማሰብ ልማድና የውርስ ሥርዓት

በ1548 ሮም ውስጥ ሁለት መጻሕፍት በማተሚያ ቤት ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ያዘጋጀው «መንፈሳዊ ልምምዶች» ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በሐምሌ ካጸደቁት በኋላ በዚያው ዓመት ታተመ። ሌላው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው የሐበሾች ገዳም ይኖሩ የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በጳጳሱ ድጋፍ ያሳተሙት የግእዝ አዲስ ኪዳን ነው፤ ሥራው በ1549 ተጠናቀቀ። ሁለቱ ሰዎች ይተዋወቁ ነበር። አንዱ የቀድሞ ወታደር፣ ሌላው አገሩ በኢማም አሕመድ ጦርነት ስትታመስ የተሰደደ መነኩሴ። በየመጻሕፍታቸው ውስጥ ግን አንድ የጋራ ጥያቄ ይገኛል፦ ሰው በእጁ ያለውን ነገር፣ ነገ እንደማይኖር እያወቀ፣ ዛሬ እንዴት ያደላድለው?

በዘመናችን ሞትን ማሰብ የካህንና የጸሎት ቤት ጉዳይ፣ ንብረትን ማደላደል ደግሞ የጠበቃና የግብር አማካሪ ጉዳይ ሆኖ ተለያይቷል። በሮምና በኢትዮጵያ ታሪክ ሁለቱ ሥራዎች ለረጅም ጊዜ ተደጋግፈው ኖረዋል። አማርኛ እስከ ዛሬ በአንድ ቃል ይዟቸዋል። ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናገር ኑዛዜ ነው፤ ከሞት በኋላ ንብረት ለማን እንደሚሆን መወሰንም ኑዛዜ ነው። የግእዙ ግሥ «ናዘዘ» ደግሞ «አጽናና» ማለት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ «ናዛዚ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። ራስን መመርመር፣ ሀብትን ማደላደልና የሚቀሩትን ማጽናናት በአንድ ሥር መገናኘታቸው ሊታለፍ የሚገባው የቋንቋ አጋጣሚ አይደለም። ችግሩ ይህ ቃል በልማድ ከሞት አልጋ ጋር መጣበቁ ነው። ሕጉ ግን፣ በሮምም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የሞት አልጋን ቃል እምብዛም አያምንም።

ካቶ፣ አውግስጦስ፣ ሴኔካ

በጥንታዊት ሮም ባለጸጎች ዘንድ ያለ ኑዛዜ መሞት ነውር ነበር። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ ሽማግሌው ካቶ በሕይወቱ ከተጸጸተባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ አንዲት ቀን ያለ ኑዛዜ መዋሉ ነው። ካቶ በቁጠባውና በሒሳብ አዋቂነቱ የታወቀ ሰው ስለነበር፣ ጸጸቱን እንደ ሒሳብ ሹም ጸጸት መውሰድ ይቻላል። በእርሱ ዓይን አንዲቷ ቀን ንብረቱና ቤተሰቡ ያለ መመሪያ የተጋለጡባት ቀን ነበረች።

አውግስጦስ ቄሣር ይህን ጥንቃቄ ወደ መንግሥት ደረጃ ከፍ አደረገው። ስዌቶኒዩስ እንደጻፈው፣ ኑዛዜውን ያደረገው ከመሞቱ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት፣ በ13 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነው፤ ሰነዱም በቬስታ ደናግል ዘንድ በአደራ ተቀመጠ። ከኑዛዜው ጋር ሌሎች ሦስት ጥቅልሎች ነበሩ። አንዱ የቀብሩን ሥርዓት፣ ሁለተኛው በሕይወቱ የሠራውን ሥራ፣ ሦስተኛው የግዛቱን ሁኔታ ማለትም የጦሩን ቁጥር፣ በግምጃ ቤቱ ያለውን ገንዘብና ገና ያልተሰበሰበውን ገቢ ይዘረዝራል። የሥራው ዘገባ ራሱን እያወደሰ የተጻፈ ስለሆነ ከንስሐ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አሠራሩ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ወራሾቹ ማን ምን እንደሚያገኝ ሲሰሙ፣ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለም በዚያው ቀን ሰሙ።

የሮም ሕግ አውጪዎች በዚህ ዙሪያ የሰውን ጠባይ የሚያውቁ ነበሩ። በ40 ዓመተ ዓለም የወጣው የፋልኪዲያ ሕግ ለወራሹ ቢያንስ የውርሱ አንድ አራተኛ እንዲጠበቅለት ደነገገ። ከዚያ በፊት ተናዛዦች ሀብታቸውን ለወዳጅ ዘመድ በስጦታ አከፋፍለው ይጨርሱና ዋናው ወራሽ ዕዳና ድካም ብቻ ሲቀርለት ውርሱን አልቀበልም ይል ነበር፤ እርሱ እምቢ ሲል ኑዛዜው በሙሉ ይፈርሳል። ደግነት በዛና አስፈጻሚ ጠፋ ማለት ነው። በ6 ዓ.ም. ደግሞ አውግስጦስ ለጡረተኛ ወታደሮች መክፈያ የሚሆን 5 በመቶ የውርስ ግብር ጣለ፤ የቅርብ ዘመዶች ከግብሩ ነፃ ነበሩ።

ሞትን የማሰብ ልማድና ኑዛዜ በጉልህ የሚገናኙት ግን በፈላስፋው ሴኔካ ሕይወት ነው። ሴኔካ «ስለ ቁጣ» በተሰኘው ድርሰቱ፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ሚስቱም ልማዱን ስለምታውቅ ዝም ስትል፣ የቀኑን ቃሉንና ሥራውን አንድ በአንድ እንደሚመረምር ይነግረናል። በ65 ዓ.ም. ኔሮ ራሱን እንዲገድል ሲያዘው የሆነውን ታኪቱስ መዝግቦታል። ሴኔካ የኑዛዜ ሰሌዳውን እንዲያመጡለት ጠየቀ፤ የመቶ አለቃው ከለከለው። ስለዚህ ለወዳጆቹ የሕይወቱን ምሳሌ እንደሚተውላቸው ነገራቸው። ሥጋው ግን ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ተቃጠለ፤ እንዲህ እንዲሆን ገና በሀብቱና በሥልጣኑ ጫፍ ሳለ በጽሑፍ አዞ ነበርና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ኑዛዜዎች አሉ። በመጨረሻዋ ሰዓት ሊጻፍ የታሰበው በአንድ ወታደር እምቢታ ቀረ። በደኅና ዘመን የተጻፈው ተፈጸመ። ዕለት ዕለት ራሱን የሚመረምር ሰው ነገሩን አስቀድሞ የጻፈው ሞት ስለተቃረበ ሳይሆን ማሰቡ ልማድ ስለሆነበት ነው።

የማያውቁትን ሰው ማሰብ

ከአሥራ አምስት ምእተ ዓመታት በኋላ በዚያችው ከተማ የታተመው የኢግናጥዮስ መጽሐፍ ይህን ልማድ ወደ ተግባራዊ መመሪያ ለወጠው። ከመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ምጽዋትን ስለ ማከፋፈል የተጻፉ ደንቦች አሉ። ደንቦቹ የሚነሡት ማንም ቤተሰብ ከሚያውቀው ችግር ነው፦ ሰጪው ለዘመዶቹና ለሚወዳቸው ሰዎች ሲያከፋፍል ፍቅሩ ፍርዱን ያዛባበታል። መድኃኒቱ ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። ፍቅሬ ከየት የመነጨ ነው? ፈጽሞ አይቼው የማላውቀው ሰው በእኔ ቦታ ቢሆንና መልካም እንዲሆንለት ብመኝ፣ እንዴት እንዲያከፋፍል እመክረው ነበር? በሞቴ ሰዓት ብሆን እንዴት ባደረግሁ ኖሮ እል ነበር? በፍርድ ቀንስ?

ሁለተኛው ጥያቄ ለኢኮኖሚክስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አዳም ስሚዝ በ1759 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ከወገንተኝነት ነፃ የሆነ ተመልካች በውስጣችን እንዳለ አድርገን እንድናስብ ሲያሳስብ በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በሦስተኛው ጥያቄ ሞት የሚመጣው በምናብ ነው፤ ተናዛዡ ገና ጤነኛ፣ አእምሮው የሰከነ፣ ውሳኔውን ለመለወጥም ጊዜ ያለው ሆኖ የሞቱን ሰዓት ዕውቀት ይበደራል። ከውርስ ክርክሮች ብዙዎቹ የሚነሡት ይህ ዕውቀት ዘግይቶ ሲመጣ ነው።

ከሮም ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ሮም

የሮም የውርስ ሕግ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በረጅም ዙር ነው። በ13ኛው ምእተ ዓመት ግብጻዊው ክርስቲያን ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው የሕግ መጽሐፍ በዓለማዊ ክፍሉ የቢዛንታይንን ሕግ፣ በዚያም በኩል የሮምን ሕግ ይዞ ነበር። ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ሆነ፤ የኑዛዜና የውርስ አንቀጾቹም ለትውልዶች የዳኞች መመሪያ ሆኑ። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ መንገዱ ተገለበጠ። የሮም ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኢኛጺዮ ጉዊዲ የግእዙን ጽሑፍ በ1897፣ የጣልያንኛ ትርጉሙን በ1899 አሳተመ። በ1968 በአዲስ አበባ የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም የአባ ጳውሎስ ጻድዋ ሥራ ነው፤ እርሳቸው በኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስና ካርዲናል ሆነው በ2003 ያረፉት በሮም ነው።

ሕጉ ኢትዮጵያ ሲደርስ ሮም ውስጥ ያልነበረ ሰው ተጨመረበት፤ እርሱም የነፍስ አባት ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው ኃጢአቱን የሚናገረውም ንብረቱን የሚያደላድለውም በእርሱ ፊት ነበር። ይህ አሠራር የራሱ ጥበብ አለው። ንስሐ የሚጀምረው «ለማን ምን ልስጥ» ከሚለው ሳይሆን «የማንን ወሰድሁ፤ ለማን ዕዳ አለብኝ» ከሚለው ነው። የበደለ ይክሳል፣ የተበደረ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ይከፈላል። የዘመኑ ሕግም የሟች ዕዳ ከኑዛዜ ስጦታ በፊት ይከፈል ይላል። ልዩነቱ ሕግ ሊያይ የሚችለው የተመዘገበውን ዕዳ መሆኑ ነው፤ ንስሐ ያልተመዘገበውንም ያወጣዋል። ያለ ሰነድ ከወንድም የተወሰደ ገንዘብ፣ በእህት ስም የተሠራ ቤት፣ በአደራ የተቀመጠ ወርቅ፣ ያልተነገረ ልጅ፤ ብዙ ውርስ የሚፈርሰው በእነዚህ ነው።

የጽሑፍ ልማድም አልጠፋም ነበር። በገዳማትና በአድባራት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ ይመዘገብ ነበር። ወንጌሉ የማይደፈር፣ በብዙ ሰው የሚጠበቅና ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የሚቆይ ስለሆነ ለዘመኑ እንደ ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት አገልግሏል።

ምንኩስና ደግሞ ነገሩን ከሁሉም በላይ አስቀድሞታል። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ በሥርዓቱም የሙታን ጸሎት ይጸለይለታል። ይህ ለገዳም ብቻ የተተወ አልነበረም። በዕድሜ የገፉ ባላገሮች፣ በተለይም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ ርስታቸውንና ከብታቸውን ለልጆቻቸው አደላድለው ቆብ ይደፉ ነበር። እንዲህ ያለች እናት የውርሷን ቀን የመረጠችው ራሷ ናት። ልጆቿ ሲካፈሉ አጠገባቸው ተቀምጣ ታያለች፤ ቅሬታ ቢነሣ ትሰማለች፤ ቃሏ ቢጣመም ታቀናለች። እርግጥ ነው፣ አደጋም አለው፤ ንብረቷን አስቀድማ የሰጠች እናት ጧሪዋ ልጅ ቃሉን ባይጠብቅ መመለሻ የላትም።

ከባዚሊካው ጀርባ

በሮም የነበሩት ኢትዮጵያውያን ከዚህ ዓለም የመጡ ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ በ15ኛው ምእተ ዓመት መገባደጃ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ከነማረፊያው ሰጧቸው፤ ቦታው እስከ ዛሬ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይባላል። ነዋሪዎቹ የግል ሀብት ያልነበራቸው፣ ልጅ የማያወርሱ ሰዎች ናቸው። ያም ሆኖ ከእነርሱ የቀረው ውርስ ከብዙ የሮም ባለጸጋ ቤተሰብ ሀብት ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን ሮም ውስጥ ያሳተመው ከእነዚህ መነኮሳት ተምሮ ነው። ከዚያ የአባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳን መጣ። በ1649 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ሮም ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ ትውውቅ የተገኘው ዕውቀት በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት ሆነ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ የሚናዘዙበት ጊዜም አላገኙም። የሚያወርሱትን ግን አስቀድመው አስረክበው ነበር።

የአባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፍ መዝጊያ በዚህ ረገድ በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። አታሚዎቹ ግእዝ እንደማያውቁ፣ እርሳቸውም የማተም ሙያ እንደሌላቸው ገልጸው፣ ስለ ስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ይለምናሉ። ጉድለትን መናገርና ሀብትን ማስረከብ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ፤ ኑዛዜ በሁለቱም ትርጉሙ ማለት ነው። መዝጊያው ጉድለቱን ስለሚናገር መጽሐፉን የተረከበው ሁሉ ምን እንደተረከበ ያውቃል፤ የት ማረም እንዳለበትም ያውቃል።

ቤቱ ራሱ የቆየው ንብረትነቱ የማንም ግለሰብ ስላልነበረ ነው። መነኮሳቱ ሲሞቱ ቤቱ ለሚቀጥለው መንገደኛ ይቆያል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 የተዋሕዶን እምነት መልሰው ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ግንኙነቱ ሻከረ፤ እንግዳም ሳሳ። ይሁን እንጂ በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሲቋቋም መነሻ የሚሆን ስምና ስፍራ ነበረው። በተቋም ስም የተቀመጠ ሀብት የትውልድ ክፍተትን ሊሻገር ይችላል። በአንጻሩ ዓላማውን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ተቋማት ናቸው፤ በእንግድነት የቆዩት ነዋሪዎች አይደሉም።

አምስት መቶ ብር

በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ፣ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በሰነዱ ላይ መጠቀስ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው፤ ይህ በሰባት ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ውድቅ ይሆናል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው።

በባህላችን «ኑዛዜ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከሁሉ አጥብቆ የገደበው ይህንኑ ነው። በቃል ሊነገር የሚችለው የቀብር ሥርዓት፣ የልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ናቸው። ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየ ቃሉ ይፈርሳል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ለገጠር ቤተሰብ ቀላል የማይባል ሀብት። በ2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያው 500 ብር አምስት ዶላር እንኳ አይሞላም። አንድም ቃል ሳይለወጥ የዋጋ ንረት ብቻውን የነፍስ አባት የሚሰማውን ኑዛዜ ከንብረት ጉዳይ አስወጥቶታል። በብር ተወስኖ የተጻፈ ጣሪያ በየጊዜው ካልተከለሰ ዝምተኛ የሕግ ማሻሻያ ይሆናል፤ ይህም ለሕግ አውጪዎች የተተወ የቤት ሥራ ነው።

ሁለት አገር፣ ሁለት ሕግ

ዛሬ በሮም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁለት ሥርዓቶች ይጠብቁታል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 650/2012 መሠረት፣ ከነሐሴ 17 ቀን 2015 ወዲህ የሞተ ሰው ውርስ በመደበኛ መኖሪያው አገር ሕግ ይዳኛል፤ ሰውየው በኑዛዜው የዜግነቱን አገር ሕግ ከመረጠ በቀር። የጣልያን ሕግ ለልጆች የማይነካ ድርሻ ያስቀምጣል። የትዳር ጓደኛ በሌለበት ለአንድ ልጅ ግማሹ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ሁለት ሦስተኛው የተጠበቀ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ለተናዛዡ የተለየ ነፃነት ይሰጣል፤ ልጁን በግልጽ የሚነቅል ግን ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ምርጫው ስለዚህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ዜግነት ይመጣል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም። የጣልያን ፓስፖርት የወሰደ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ቢይዝም ዜግነት ስላልሆነ የኢትዮጵያን ሕግ ሊመርጥበት አይችልም። ከ1975 ጀምሮ መሬት የመንግሥት ስለሆነ ደግሞ በአገር ቤት የሚወረሰው ቤቱና የይዞታው መብት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የአገሮች ሕግ ሲጋጭ የትኛው ይግዛ የሚል ክፍል የለውም። በሮም የታወቀው ወራሽ አዲስ አበባ ላይ እንደ ገና መከራከር ሊኖርበት ይችላል።

በዲያስፖራው ዘንድ የሚታየው ክፍተት ከዚህ ይነሣል። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ዕድሩና ተዝካሩ ከአገር አብረው መጥተዋል፤ ሞትን ማሰብ አልጠፋም። የቀረው በልማዱና በሰነዱ መካከል የነበረው ድልድይ ነው። የነፍስ አባት ሩቅ ነው፤ ጠበቃው ደግሞ ስለ ያልተመዘገበ ዕዳ አይጠይቅም። ዓመታዊው የጾም ጊዜ ግን አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ ሰውን ከራሱ ጋር ያስቀምጣል። በዚያ ጊዜ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ማየት ይቻላል፦ የማን ዕዳ እንዳለ፣ ምን የት በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ያለፈው ዓመት ኑዛዜ ዛሬም ልክ መሆኑን። በአገር ቤት በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ካለም የሰባት ዓመቱን ገደብ መቁጠር ያስፈልጋል።

ኑዛዜን በጤና ዘመን መጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የግእዙ ቃል ግን ማጽናናት ይላል፤ የሚጽናኑትም የሚቀሩት ናቸው። እናት ወይም አባት ምን እንዳሰቡ፣ ለማን ዕዳ እንደነበረባቸው፣ ለምን እንዲህ እንዳደላደሉ በገዛ እጃቸው ጽፈው ካለፉ፣ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚከራከሩበት ነገር ያንሳል።